መድኃኒት ቀማሚውና የአእምሮ ሕመምተኛው

ስለ አእምሮ ሕመም በተነሣ ቁጥር የአዲስ አበባ ሰው የሚጠራው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ውስጥ ለዚህ ሕመም የተለየ ሆስፒታል እርሱ ብቻ ስለ ነበር ይህ አያስደንቅም። በከተማው ምሥራቅ ዛሬ በኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ይሁን እንጂ በቦሌም ሆነ በገርጂ የሚኖር ሕመምተኛ ሐኪሙን የሚያገኘው በቀጠሮ ነው፤ በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ፊቱን የሚያየው የሰፈሩ መድኃኒት ቀማሚ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም የእርሱን ሥራ ነው።

ነገሩ ከመድኃኒቱ ታሪክ ይጀምራል። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ በሆስፒታል ግቢ ተዘግቶበት ይኖር ከነበረው ብዙው ኪኒኑን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ቻለ። ሕመምተኛው ሲመለስ ጥበቃውም አብሮት ወደ ሰፈር መጣ ማለት ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ግን እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደሉም። አሚትሪፕቲሊንን እንውሰድ፤ አፍ ማድረቁና እንቅልፍ ማምጣቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያል፤ ኀዘኑን ማቅለሉ ግን ሳምንታት ይፈጃል። እንግዲህ ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚያገኘው ጉዳቱን፥ ዘግይቶ የሚያገኘው ጥቅሙን ነው። ይህን ያልነገሩት ሰው በአምስተኛው ቀን ኪኒኑን ቢጥል ማን ይፈርድበታል? ሃሎፔሪዶልም እጅ ሊያንቀጠቅጥ፥ ሰውነትን ገትሮ ሊይዝ ይችላል፤ ቤተ ሰብም ሕመሙ ባሰበት ብሎ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ ደኅና ሆንሁ ብሎ ያቋርጣል፤ ሕመሙም ተመልሶ ይነሣበታል።

ከመገናኛ እስከ ገርጂ ባሉ መድኃኒት ቤቶች ተሰልፈን ያዳመጥነው ቃል በአብዛኛው «አንድ ጧት፥ አንድ ማታ» የሚል ነበር። ከኋላ የቆመው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሳለ ከዚህ በላይ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? አንዲት እናት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ዶክተር፥ ልጄን አደነዘዘብኝ፤ ባቋርጠው ይሻል ይሆን?» አሉት። (ሕዝባችን ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ይላል።) ወጣቱ ቀማሚ ከመስኮቱ ወጥቶ ወደ ጥግ ወሰዳቸውና፥ «እማማ፥ በድንገት አያቋርጡት። መጠኑን እኔ መለወጥ አልችልም፤ ሐኪሙ ግን ሊለውጠው ይችላል። ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ» አላቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሰልፈኛው ግን አጉረመረመ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛም አንዱ ሰዓቱን ተመልክቷል።

ዲያዜፓምን ያለ ሐኪም ማዘዣ «ለእንቅልፍ» ብሎ ለሚጠይቅ መከልከልም የቀማሚው ግዴታ ነው፤ ሱስ ያስይዛልና። ጠበል የሚጠመቀውንም ሕመምተኛ ኪኒኑን እንዳይተው ሊመክረው ይገባል፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል ኪኒኑን የሚተው አይጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቀማሚው የሚያውቀው የቀረውን ሰው ነው። በየወሩ መጀመሪያ ይመጣ የነበረ ደንበኛ ሁለት ሳምንት ሲዘገይ፥ ከሐኪሙ በፊት ሊያስተውል የሚችለው እርሱ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀን የሚመዘገብበት አንድ ደብተርና ከሰልፉ ራቅ ያለ አንድ ወንበር ነው። እናትየዋ ያን ቀን የተነጋገሩት ቆመው ነበር።