ቁልፍ ያዡንስ ማን ይጠይቀው?

 

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በሰሜን መቄዶንያ ኮቻኒ በምትባል ከተማ አንድ የጭፈራ ቤት ተቃጥሎ ከ60 የሚበልጥ ሰው፣ አብዛኛው ወጣት፣ እንዳለቀ በዜና ሰማን። ረመዳን ነበር። እኛ ሸዋ ሮቢቶች በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ጥላ ሥር አረፍ ማለት ልማዳችን ነውና ወሬው እዚያው ተነሣ። ለመድረክ ማድመቂያ የተለኮሰ የእሳት ርችት ጣሪያውን አያያዘው፤ ሕዝቡ ለመውጣት ሲጋፋ ተረጋገጠ። የአገሩ የውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቱ የሚሠራበት ፈቃድ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ መሆኑን፣ በጉቦም እንደሚጠረጠር ተናገሩ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ የባለቤቱ ነው ያለውንም ሌላ ቤት ሰባበረ።

ከመካከላችን አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጦሙን ሰብሰብ አድርጎ የያዘ ጎረቤቴ ነው፣ «ጭፈራ ቤት ነው እኮ! ምን ሊያደርጉ ሄደው ነው?» አለ። አንዳንዶቻችን ሳቅ አልን። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ይህን ንግግር ከዚህ በፊት በሌላ መልኩ ሰምቼው ስለነበር ነው፦ «እስረኞች ናቸው እኮ! ምን አድርገው ነው የታሰሩት?» ሲባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ቀን፣ አዲስ አበባ ዳር የሚገኘው የቂሊንጦ እስር ቤት ተቃጠለ። ዕለቱ የዙል ሒጃ ወር መግቢያ ነበርና ዒደል አድሓ ሊውል የቀረው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሞተው አንድ ሰው ነው ተባለ። ከቀናት በኋላ የሟቾቹ ቁጥር 23 መሆኑን መንግሥት አስታወቀ። 21ዱ በጢስ ታፍነውና በመረጋገጥ፣ 2ቱ ደግሞ ሊያመልጡ ሲሉ ሞቱ ነው የተባለው። ቤተሰብ በበኩሉ ልጁ ይሙት ይኑር ሳያውቅ በየሆስፒታሉና በየእስር ቤቱ በር ሲንከራተት ሰነበተ። ከእሳቱ የተረፉት ወደ ሌሎች እስር ቤቶች ተበተኑ፤ ብዙዎቹ የመጡት ወደኛ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ነው።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ የጣርማበርን ብርድ አልፈው፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርደው፣ በዚህ በይፋት ቆላ ፀሐይ ከአውቶቡስ የሚወርዱ እናቶችን አይተናል። አንዲት አሮጊት ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ በነጠላቸው የቋጠሩትን ምግብ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ማረሚያ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ውሃ ሰጠኋቸው። ከጠጡ በኋላ «እዚህ ከሌለ ዝዋይ ሂጂ ብለውኛል፤ እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ዝዋይ በሌላ አቅጣጫ ከአዲስ አበባም ማዶ መሆኑን ስነግራቸው ጊዜ መልስ አልሰጡኝም። ሃይማኖታቸውን አልጠየቅሁም፤ ልጃቸው በምን እንደታሰረም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ሰው በእሳት ሲያልቅ ሕግ ማንን ይጠይቃል? ነው። በቂሊንጦ የተጠየቁት እስረኞቹ ናቸው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ዓቃቤ ሕግ 38 እስረኞችን እሳቱን አስነሥታችኋል፣ ለ23ቱም ሞት ምክንያት ሆናችኋል ብሎ በፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ከመካከላቸው የልብ ሐኪሙ ዶክተር ፍቅሩ ማሩ ይገኙበታል። ተከሳሾቹ በሸዋ ሮቢት እስር ቤት ተደብድበን፣ ተሰቃይተን እመኑ ተባልን ብለው ለችሎቱ አመለከቱ፤ የተጎዳ ገላቸውንም ገልጠው አሳዩ። ፍርድ ቤቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን እንዲመረምር አዘዘ፤ ኮሚሽኑም በአካላቸው ላይ ጉዳት እንዳየ ጽፎ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ነገር ሲለወጥ፣ ዶክተር ፍቅሩን ጨምሮ የብዙዎቹ ክስ ተቋረጠ። በሰኔ ወር መጨረሻም አምስት የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አስተዳደር ኃላፊዎች የእስረኞችን መብት ባለማስጠበቅ ተብለው ከሥልጣን ተነሡ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊዜው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ፣ በሰው ላይ ሥቃይ በመፈጸም የተጠረጠሩ የደኅንነትና የማረሚያ ቤት ሰዎች መያዛቸውን ገለጹ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙዎቻችን «አልሐምዱ ሊላህ፣ ፍትሕ መጣ» ብለናል። እኔም ብያለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ክስ መቋረጡ ለተከሳሹ ነፃነት ነው፤ ለሟቹ ግን መልስ አይደለም። የተቋረጠ ክስ ፍርድ የለውም፤ ማን ለኮሰ፣ ማን ቆለፈ፣ ማን ሳይከፍት ቀረ ብሎ አይወስንም። ድብደባው ወንጀል ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ድብደባው መጠየቅና ስለ 23ቱ ነፍስ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው ሁለተኛውን ሸፈነው።

እዚህ ላይ ዓሊሞቻችን ያስተማሩንን ማንሳት ይጠቅማል። በፊቅህ ድርጊቱን በእጁ የፈጸመውና ለድርጊቱ ሰበብ የሆነው ሰው ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ሙባሺር፣ ሁለተኛው ሙተሰቢብ ይባላል። ሁለቱ ባንድ ጉዳይ ሲገናኙ ፍርዱ በእጁ በፈጸመው ላይ ይወድቃል። ይህ በኦቶማኖች ዘመን የተጠናቀረው መጀላ በ90ኛው አንቀጹ ያሰፈረው ደንብ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «እሳቱን የለኮሰው ይጠየቅ፣ አለቀ» ይላል። ነገር ግን መጀላው በ93ኛው አንቀጽ ደግሞ ሰበብ የሆነው ሰው ሆን ብሎ ካደረገው ተጠያቂ መሆኑን ያስቀምጣል። ሰውን ቆልፎ የያዘ ሰው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። በኛ በይፋትና በወሎ ደረሳው ሲቀራው የሚኖረው የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ የነፍስ ጉዳት ምዕራፉን ከጀመረ ብዙም ሳይርቅ ይህንኑ ያነሣል። ሰውን አስሮ፣ ምግብና ውሃ ከልክሎ፣ በተለምዶ ሰው የሚሞትበት ጊዜ እስኪያልፍ ያቆየና የገደለ ሰው ሆን ብሎ እንደገደለ ይቆጠራል። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በትር አላነሳም፣ ሰይፍም አልመዘዘም። በሩን ብቻ ነው የዘጋው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስለሞተችባት ሴት የነገሩን ሐዲስ የታወቀ ነው። ሴትዮዋ የተቀጣችው ድመቷን ስለመታቻት አይደለም።

እንግዲህ በጭፈራ ቤትና በእስር ቤት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። በአርጀንቲና ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ታኅሣሥ ማብቂያ ክሮማኞን የሚባለው ቤት ሲቃጠል 194 ሰው የሞተው የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፎ ስለነበር ነው። ሕዝቡ ተቆጣ። ቁጣው በባለቤቱ አላበቃም፤ ቤቱን የሚቆጣጠረው የከተማው አስተዳደር ምን ሲሠራ ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ከንቲባው እ.ኤ.አ. በ2006 ተከሰው ከሥልጣን ወረዱ። በብራዚል ሳንታ ማሪያ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2013 ኪስ የሚባለው ቤት ሲቃጠል 242 ሰው አለቀ፤ ዘበኞቹ መጀመሪያ ላይ ሒሳብ ሳይከፍሉ የሚያመልጡ መስሏቸው በሩን ይዘው ነበር። አራት ሰዎች የተፈረደባቸው ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ በ2021 ነው። በ2022 ፍርዱ ተሻረ፣ በ2024 እንደገና ጸና። ወላጆቹ ይህን ሁሉ ዓመት የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ችሎት ሲመላለሱ ኖሩ። በጭፈራ ቤት በር መቆለፍ ጥፋት ነው። በእስር ቤት ግን በር መቆለፍ ሥራ ነው። ስለዚህም ጢስ ሲነሣ የቁልፍ ያዡ ኃላፊነት ከጭፈራ ቤቱ ባለቤት ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ የታሰረው ሰው በራሱ እግር ሮጦ ማምለጥ የማይችለው መንግሥት ስለከለከለው ነውና። ቂሊንጦ ደግሞ በአብዛኛው ፍርድ የሚጠባበቁ የቀጠሮ እስረኞች የሚያዙበት ነው። ሕገ መንግሥቱ በ20ኛው አንቀጽ ንጹሕ ሆነው የመገመት መብት የሰጣቸው ሰዎች ማለት ነው።

«ባለሥልጣን ሥራውን ሲሠራ ለደረሰው ነገር አይጠየቅም» የሚል ካለ፣ የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስታውስ። አንዲት ሴት ለጥያቄ አስጠሯት፤ ሴትየዋ ከድንጋጤ የተነሣ አስወረዳት። ባልደረቦቻቸውን ሲያማክሩ አንዳንዶቹ «እርስዎ ሥርዓት አስከባሪ ነዎት፣ ምንም የለብዎትም» የሚል ሐሳብ ሰጡ። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ግን ካሣው በርስዎ ላይ ነው አሉ፤ ዑመርም ተቀበሉ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ከመካ መከፈት በኋላ በበኑ ጀዚማ ላይ ያለ አግባብ ደም ሲያፈስሱ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከድርጊቱ ንጹሕ መሆናቸውን ለአላህ ገልጸው ዐሊይን ገንዘብ አስይዘው ላኩ። የእያንዳንዱ ሟች ዲያ ተከፈለ፤ ለጠፋ ንብረት፣ ውሻ ለሚጠጣበት ገበታ እንኳ ሳይቀር ተከፈለ። ሟቾቹ እነማን ነበሩ፣ ትናንት ምን ሲሠሩ ነበር ተብሎ ዲያው አልተቀነሰም። ለጎረቤቴም በኋላ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ጭፈራው ኃጢአት ነው፣ የሟቹን ደም ግን ርካሽ አያደርገውም። የአቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት ኪታቡል ኸራጅም ስለ እስረኞች ሲመክሩ፣ በሰንሰለት እየተጎተቱ እንዳይለምኑ ወርኃዊ ቀለብና ልብስ ይቆረጥላቸው፣ ቤተሰብ የሌለው እስረኛ ሲሞትም ከበይተል ማል ተከፍኖና ተሰግዶበት ይቀበር ብለዋል። ይህ የተጻፈው ከ1200 ዓመት በፊት ነው!

በአገራችን ሕግም ቢሆን መንገዱ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2126ኛ አንቀጽ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ የሚጠይቅበትን በር ይከፍታል። የወንጀል ሕጉ በ543ኛው አንቀጽ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ በ424ኛውም በተያዘ ሰው ላይ ተገቢ ያልሆነ ድርጊት የፈጸመን ሹም። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ሕገ መንግሥቱ በ19ኛው አንቀጽ ይናገራል። በ28ኛው አንቀጽ መሠረትም በሰብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም።

ታዲያ ይህን ስል የሕዝብ ቁጣ ይነሣ ማለቴ አይደለም። ቁጣ ያለ ማስረጃ ሲሄድ 38ቱን ሰዎች ያደረሰበትን አይተናል። ዛሬ ተራው የዘበኞቹ ነው ብለን ስም እየጠራን በወሬ ብንፈርድ፣ ያው ድርጊት ልብስ ቀይሮ መጣ ማለት ነው። ሁለቱን ወገን ሳትሰማ አትፍረድ የሚለው ትእዛዝ ለቃዲ ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም። በኛ አካባቢ እሳት ምን እንደሆነ ደግሞ ነጋሪ አያስፈልገንም፤ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ጢሱን ያየን፣ የሸሸውን ያስጠለልን ሰዎች ነን። በወሬ የሚፈርድ ሰው ስንት ቤት እንደሚያቃጥል እናውቃለን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት የሚያስቀይመው ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2002 በቅድስቲቱ መካ የሴቶች ትምህርት ቤት ተቃጥሎ 15 ልጃገረዶች ሞቱ። በሩ የተቆለፈ ነበር፤ የሥነ ምግባር ጠባቂዎቹም ልጆቹን በሒጃብ ምክንያት እንዳይወጡ አግደዋል ተብለው በገዛ አገራቸው ጋዜጦች ተወቀሱ። የሴቶች ትምህርት የበላይ ኃላፊው ተነሡ፤ መሥሪያ ቤቱም ፈርሶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ስለዚህ ነገሩ የጭፈራ ቤትና የእስር ቤት ብቻ አይደለም።

እኔ የአንዲት መድረሳ ኮሚቴ አባል ነኝ። ከሩቅ ገጠር የመጡ ደረሶች ከኋላ ባለው ክፍል ያድራሉ። መስኮቱ ለሌባ ተብሎ በብረት ታጥሯል፤ በሩ ማታ ማታ ከውጭ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ደግሞ ከዘበኛው ጋር ነው። ዘበኛው አንዳንዴ ለሱብሒ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ይህን ለዓመታት እያየሁ አንድም ቀን አልተናገርኩም። ያን ዕለት ከተራዊሕ በኋላ ለኮሚቴው አነሳሁት። አንዱ አባል «ልጆቹ ሌሊት ወጥተው ቢጠፉ ለወላጆቻቸው ምን እንላለን?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙ አከራከረን። በመጨረሻ መሸጎጫው ከውስጥ እንዲሆንና ትልልቆቹ ሁለት ደረሶች እንዲይዙት ተስማማን። የመስኮቱን ብረት እንደ በር የሚከፈት ለማድረግ ብየዳ ቤት ዋጋ ጠይቀናል፤ ገንዘቡ ገና አልሞላም።