ሻጩ በራፍ ላይ ይቁም

እቱዬ፣ ነይ እስኪ እዚህ አጠገቤ። ስልክሽንም አስቀምጪው፤ አይበርም። ቤት ለቤት እየዞሩ መሸጥ ይገባል አይገባም እያላችሁ ስትከራከሩ ሰምቻለሁ። ግማሾቻችሁ ‹‹ይባረሩ›› ትላላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ‹‹ሠርተው ይብሉ››። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በራፍ ላይ ይሽጡ፣ እልፍኝ ግን አይግቡ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ በአንዱ ጆሮ ሰምተሽ በሌላው እንደምታወጪው ባውቅም።

መጀመሪያ ነገር፣ የሚዞረውን ሁሉ ሌባ አታድርጊው። ሱቅ በደረቴ ያነገተው ልጅ፣ ‹‹ልዋጭ!›› እያለች ሳፋና ጆግ በአሮጌ ልብስ የምትለውጠው ሴት፣ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ከወረታ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚወርደው ጎልማሳ፣ ሁሉም ለእንጀራቸው ነው የወጡት። ሱቅ የሚከራይበት ያጣ ሰው በእግሩ ይነግዳል። የፎገራ ሜዳ ፀሐይ በመጋቢት ምን እንደምታደርግ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ውኃ ስጪው። የማትገዢ ከሆነም ‹‹አልፈልግም ወንድሜ፣ ይቅናህ›› በይውና ሸኚው። ማመናጨቅ አያምርብሽም፣ ዓይኔ።

እኛ ደግሞ በራችን ሲንኳኳ የምንደሰት ሰዎች ነን። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ስንቱን እናት ወደ ጤና ጣቢያ አምጥተዋል! የፖሊዮ ጠብታውም በር እየተንኳኳ ነው ለልጆቻችን የደረሰው። ሩዙስ ቢሆን በእንግዳ እጅ አይደል የመጣው? በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ነው የተጀመረው፤ ‹‹ኤክስ ጅግና›› የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ያኔ ይህን የማናውቀውን እህል ማን ይበላዋል የተባለለት ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኖ ይቀርባል፤ ጠላም ይጠመቅበታል። ግን ልብ በይልኝ፣ ሩዙን ሰው ያመነው በማሳ ላይ ሲበቅል አይቶት ነው። የጤና ሠራተኛዋንም ያመንናት ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ቀበሌ ስለምናገኛት ነው። ሻጩ ያንን እምነት ተውሶ ነው የሚመጣው፤ ደብተር ይይዛል፣ ጋውን ይደርባል፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጥላል። ባጅ ማሠራት ደግሞ ምንም አይደለም፣ ፎቶ ቤት ሁሉ ይሠራዋል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቂው፦ ‹‹ነገ የት አገኝሃለሁ?›› ሱቁን ካሳየሽ፣ የሚያውቀውን ሰው ስም ከጠራ፣ የንግድ ፈቃዱን ካወጣ ጨዋታው ይቀጥል። ‹‹እኔ እመጣለሁ እንጂ አንቺ አትመጪም›› ካለሽ በሩን ገርበብ አድርጊው። ወረታ መንታ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አንዱ መንገድ ባሕር ዳርን ከጎንደር ያገናኛል፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይሄዳል። ጠዋት በር ያንኳኳብሽ ሰው ማታ የትኛው ከተማ እንደሚያድር ሾፌሩም አያውቅም።

ሁለተኛ ነገር፣ ቡና ላይ አትግዢ። ይህን ሳልስቅ ነው የምነግርሽ። ሰዎቹ ቡና የሚፈላበትን ሰዓት ያውቁታል። ጭሱ ሲታያቸው ይገባሉ፤ እኛም ‹‹ግቡ›› እንላለን፣ ምን እናድርግ፣ እንዲህ ነው ያደግነው። አቦሉን ጠጥቶ ቶና ላይ ዕቃውን ይዘረጋል። በረካ ላይ ጎረቤቶችሽ ሁሉ ዓይናቸውን አንቺ ላይ ጥለዋል፤ ‹‹እምቢ›› ማለት እንግዳን እንደ መስደብ ይሆንብሻል። ይሉኝታ ይዞሻል በቃ። እና የኔ አበባ፣ ቡናውን በነፃ ስጪው፣ ዕቃውን ግን ቡናው ከተነሣ በኋላ በራፍ ላይ እዪው። ‹‹ባለቤቴ ሳይመጣ››፣ ‹‹እናቴ ሳታይ›› ማለትም ነውር የለበትም። ለዚህ ዓይነቱ ውሸት ንስሐ አባትሽ ዘንድ መሄድ አያስፈልግሽም።

አሜሪካኖች እንኳ ይሄ አስቸግሯቸው ሕግ አውጥተውለታል። ሻጭ ቤቱ ድረስ መጥቶ የሸጠለት ሰው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ጊዜው 14 ቀን ነው። በር ላይ የተገዛ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ እንደሚነሣ ገብቷቸው ይመስለኛል። አንቺም ለራስሽ አውጂ፤ ከጨው ዋጋ በላይ የሆነ ነገር በዕለቱ አትግዢ። ‹‹ዛሬ ብቻ ነው ቅናሹ›› ሲልሽ ደስ ይበልሽ፣ እንዲህ ማለቱ ራሱ ለማሰብ ጊዜ ሊሰጥሽ እንደማይፈልግ ይነግርሻል።

ሕግም አለሽ፣ ጎበዜ፤ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃውን ስላየሽ ወይም ዋጋ ስለተከራከርሽ ብቻ ግዢ ተብለሽ እንዳትገደጂ ይጠብቅሻል። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልሽ ወይም ገንዘብሽ እንዲመለስልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ግን ማንን ትጠይቂ? ደረሰኝ የለ፣ ሱቅ የለ፣ ስም የለ! ለዚህ ነው ደረሰኝ አምጣ የምልሽ። ‹‹ውጣ›› ስትይው አልወጣም ያለ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ከንግድ ያልፋል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 604 የሰውን ቤት መድፈር ያስቀጣል፣ በፈቃድ ገብቶ ውጣ ሲባል እምቢ ያለውንም ይጨምራል። ጎረቤት ጥሪ፤ አትፈሪ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሳፋ ቢሰበር ሳፋ ነው፣ ብርድ ልብሱ ቢሳሳ ትደርቢበታለሽ። ዘርና መድኃኒት ግን ዓመቱን ይበላዋል። በርብና በጉማራ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙት ወንድሞችሽ ቤት ‹‹ትኩስ ቦምቤ ነው›› እያለ ዘር በፌስታል ይዞ የሚመጣ ካለ፣ እጁን አትዪ፣ ማሸጊያውን እዪ። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ነው የሚሞተው፤ ዓመት ካለፈው ብዙው አይበቅልም፣ በዓይን ግን ከትኩሱ አይለይም። ቆንጥረሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይው፣ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ጠብቂና ስንቱ እንደ ጎነቆለ ቁጠሪ። ሻጩ ይህን ያህል ካልጠበቀሽ ዘሩንም ይዞ ይሂድ። በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚመጣ የተባይ መድኃኒት ከሆነ ግን ሙከራም አያስፈልገው፤ ደጅሽንም አይርገጥ። የተባይ ማጥፊያ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይሸጥ ነው። ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ምን እንደያዘ፣ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ጠብቀሽ እንደምትነቅይ አይነግርሽም። በዚያ ላይ ውኃ መስሏቸው የሚያነሡት ልጆች አሉ። ይህን ሰምተሽ አትለፊው፤ ለወንዶቹም ንገሪያቸው፣ እነሱ ናቸው ‹‹ርካሽ ነው›› ብለው የሚቸኩሉት።

በር የሚያንኳኳው ሻጭ ብቻ ነው ያለሽስ ማን ነው? ሩዙ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ሽንኩርቱ ሊነቀል ሲል፣ ገዢውም ይመጣል፤ ደላላው ፊት ፊት ሚዛኑ ኋላ ኋላ። መምጣቱ ጥሩ ነው፣ የመጫኛ ያድንሻል። ግን በሰው ሚዛን አትሽጪ። ያልተከፈተ የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስቀምጪበት። ሚዛኑ 46 ካለ ‹‹ሚዛንህ ታሟል፣ አሳክመህ ተመለስ›› በይው፣ እየሳቅሽ። ደግሞም የመፈልፈያ ቤቱን የዕለቱን ዋጋ ሳትጠይቂ አፍሽን አትክፈቺ። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ሞልቷል፣ ስልክ መደወል ነው።

‹‹አንቺ ግዢ፣ ከዚያ ሁለት ሰው አምጪ፣ እነሱም ሁለት ያምጡ›› እያለ በወረቀት ላይ ዛፍ የሚሥልልሽ ዘመድ ደግሞ ከማያውቁት ሰው ይብሳል። ኪኒን ይሁን፣ የእጅ አምባር ይሁን፣ ሻይ ቅጠል ይሁን፣ ትርፉ ከዕቃው ሳይሆን ከምታስገቢው ሰው ከመጣ ፒራሚዳዊ ሽያጭ ነው፤ ያው ቅድም ያልኩሽ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ይከለክለዋል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚተካ ነው ካለሽማ አትከራከሪው፣ እናትሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ዘመድነቱ አይጠፋም፤ ለፋሲካ ትታረቃላችሁ።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር አለ። ዕቃ ሳይዝ ‹‹ልመዝግባችሁ›› የሚል ይመጣል። የይለፍ ቁጥርሽን ለማንም አትስጪ፣ ስልክሽንም ‹‹እኔ ላስተካክልልሽ›› ላለሽ አታቀብዪ። የፋይዳ ቁጥርሽንም በራፍ ላይ ለቆመ ሰው አታስቀጂ።

ነገ አንቺ ራስሽ ዘንቢል አንጠልጥለሽ የሰው በር ብታንኳኪስ? ሊሆን ይችላል፤ ሥራ እንዲህ በጠፋበት ጊዜ አያሳፍርም። ያኔ ይህንኑ ገልብጠሽ ያዢው። ከበራፍ አትለፊ፣ ስምሽንና ሰፈርሽን አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ጊዜው ጊዜ ነውና ሳይመሽ ተመለሺ። የሸጥሽው ዕቃ ቢበላሽ የምትገኚበትን ቁጥር ጽፈሽ ስጪ። ሰው ‹‹አልፈልግም›› ካለሽ ሁለተኛ አትጠይቂ። እንዲህ የምትሸጭ ልጅ ብትመጣብኝ እኔ ራሴ ወንበር አወጣላታለሁ፤ በረንዳ ላይ፣ እሺ?

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እማማ ቀን ቀን ብቻዋን ናት፤ ሰዎቹም እሷ ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት ነው የሚመርጡት። ዛሬ ማታ እራት ላይ ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት። ‹‹ልጄ ሳትመጣ አልገዛም›› ማለትን አለማምጃት፤ መጀመሪያ ትቆጣሻለች፣ ቻያት። የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤቱን ስልክና ያንቺን ቁጥር በትልልቁ ጽፈሽ ከበሩ ጀርባ ለጥፊላት። ማንበብ ባይሆንላት የጎረቤት ልጅ ያነብላታል።