በአንድ ጣት የሚዞር ቮልስ

ልጄ፣ አሮጌ ቮልስ ገዝተህ ልታድስ መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያለውን አክሞ ማቆየት ብልህነት ነው። እኔ ባትላሜራ የተማርኩት ካርቶን ላይ ተጋድሜ ነው፤ የብየዳ ብልጭታ ጆሮዬ ገብቶ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጉድጓድ ቆፍሬ ልሥራ እንዳትል ደግሞ እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥርብሃል። ስለዚህ መኪናውን አዙረው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብረት ላይ ተሰክቶ የሚዞረውን ዶሮ አይተህ የለ? ዘዴው ያው ነው።

1. መጀመሪያ ዝገቱን እወቅ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል፣ ከበሮቹ ግርጌ የሚሄደውን ሣጥን በመዶሻ ነካ ነካ አድርግ። ደህናው ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል።

2. ሳታራግፍ አትስቀል። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ መስታወት፣ ወንበር ይውጡ። ባትሪውንና ከፊት ያለውን የቤንዚን ታንከር ግን ከሁሉ በፊት አውጣ፤ ቤንዚን ባለበት ብየዳ የለም።

3. በሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ክፍቱን በቱቦላሬ አግድመህ በይድ። ግርጌው የዛገ ቦዲ ሲገለበጥ ይጣመማል፤ ከዚያ በሩ አልገጥም ይልሃል።

4. ብረቱን ከቁራሌው ፈልግ። ቦዲውን ከፊትና ከኋላ ለሚይዙት ሁለት ቋሚዎችና ለእግራቸው ያገለገለ ወፍራም ቱቦላሬ ይበቃል። ለመዞሪያው ባለ 3 ኢንች የውሃ ቧንቧ ውስጥ ባለ 2 ተኩሉን አስገባ፤ ትንሽ ላላ ስለሚል ግራሶ ቀባው። ኩሽኔታ አያስፈልግህም። ሁለቱን ቋሚዎች ከሥር በረጅም ቱቦላሬ አገናኛቸው።

5. ከፍታውን በግምት አትሥራ። ከመዞሪያው መሃል እስከ ቦዲው ሩቅ ጫፍ ለካና አንድ ስንዝር ጨምር፤ ያለዚያ ግማሽ ዞሮ መሬት ይነካል። ሲታሰርም የፊት አክሰልና ካምቢዮው የተቀመጡበትን ጠንካራ ቦታ ያዝ፤ የዛገ የባምፐር ማሰሪያ አትመን።

6. በብረት ቆጥብ፣ በመቆለፊያው አትቆጥብ። ሁለቱን ቧንቧ አንድ ላይ በስተህ ወፍራም ቡሎን አሳልፍና በዳዶ እሰር። እኔ አንድ ቀን ለጥድፊያ ፌሮ ሰካሁበት፤ ጎበጠና ቦዲው ተወርውሮ የባልንጀራዬን ትከሻ መታው። ከዚያ ወዲህ ቡሎኑ ሳይታሰር ከሥሩ እጄን እንኳ አላስገባም።

7. ሚዛኑን እስክታገኝ አትቸኩል። ቦዲውን ከመዞሪያው በሚያገናኘው ማሰሪያ ላይ ከላይ እስከ ታች ብዙ ቀዳዳ ብሳ። ጓደኞችህ ከዳርና ከዳር ይዘው ቀስ ብለው ይልቀቁት። ጣሪያው ራሱ ወደ ታች ከወረደ መዞሪያው ዝቅ ብሏል፤ ከፍ አድርገው። እየተመለሰ ቀጥ ካለ ደግሞ ከፍ ብሏል፤ አውርደው። ባቆምከው ቦታ ሁሉ ሲቆም አገኘኸው ማለት ነው።

ሲያልቅ ጥራኝ። ቀለሙን ልመርቅ አልመጣም፤ በአንድ ጣቴ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ።