ጥይት የማይጎርስ ውጅግራ፦ ለዓድዋ ትርኢት የሚሆን የኢንፍራሬድ ጨዋታ አሠራር

ልጆች ጦርነት ሲጫወቱ ጨዋታው የሚፈርሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። «መትቼሃለሁ!» «አልመታኸኝም!» ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክርክር ብቻ ነው። የካቲት 23 ሲቃረብ የዓድዋን ውጊያ በትርኢት ለማሳየት የሚለማመዱ የትምህርት ቤት ክበባትም ከዚህ ጭቅጭቅ አያመልጡም። ኤሌክትሮኒክሱ የሚያስፈልገን ለዳኝነት ነው፤ መሣሪያው ማን እንደተመታ ይመዘግባል፣ የተመታው ይቀመጣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

አሠራሩ ከቴሌቪዥን ሪሞት አይለይም። ሪሞቱ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ እያርገበገበ ቁጥር ይልካል፤ ሪሲቨሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጥቁር ዓይን ቁጥሩን ታነባለች። የእኛ «ጠመንጃ» ሪሞት ነው፤ የተጫዋቹ ኮፍያ ደግሞ ሪሲቨር።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በምሽት ይህንኑ ዓይነት ጨዋታ ሲጫወት፣ በእጁ የያዘው እውነተኛ መሣሪያ የመሰለው ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። የምትሠሩት ነገር ከሩቅም ሆነ ከቅርብ ጠመንጃ መምሰል የለበትም። በአማራ ክልል የተኩስ ነገር እንደ ቀላል በማይታይበት በዚህ ጊዜ ይህ ከምንም ይቀድማል። ጥቁር ቀለም አትቀቡት። አፈሙዙ ላይ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ፕላስተር ጠምጥሙ። ለትምህርት ቤቱ፣ ለቀበሌውና ለፖሊስ ቀድማችሁ አሳውቁ። በአጥር ግቢ ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ተጫወቱ፤ ጥሊሊን አቋርጦ ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚወስደው አስፋልት ዳር ፈጽሞ አይሆንም። ፈቃድ ካልተገኘ ዘንድሮ ይቅር።

ለአካሉ ከቀርከሃ የተሻለ ነገር የለም፤ የእኛ አዊ ዞን ደግሞ የቀርከሃ አገር ነው። የበሰለና በጥላ የደረቀ ቀርከሃ ምረጡ፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሰነጠቃል። በሁለት አንጓ መካከል ያለው ክፍል ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳትፈለፍሉት ቱቦ ይሆናል። ሰደፉን ከባሕር ዛፍ ቁራጭ ሥሩለት። ለቃታ የበር ደወል መጫኛ ይበቃል።

ቱቦው ጫፍ ላይ የእጅ ማጉያ መነጽር ሌንስ ይገጠማል። ያለ ሌንስ ብርሃኑ ስለሚበተን ያላነጣጠራችሁበትን ሰው ሁሉ ይመታል። ኢንፍራሬዱን የሚያወጣውን የኤልኢዲ ቦታ ለማግኘት ክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብላችሁ ቁሙና ሌንሱን ወደ ውጭ አዙሩት። ከኋላው ነጭ ወረቀት ይዛችሁ አንዴ አቅርቡት፣ አንዴ አርቁት። ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ተገልብጦ፣ ቅጠሉ እስኪለይ ጠርቶ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ኤልኢዲው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ኢንፍራሬድ ጥቂት ራቅ ብሎ ስለሚሰበሰብ ኤልኢዲውን ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ እንዲቻል አድርጋችሁ ግጠሙት። ሌንሱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ አታዙሩት፤ ያቃጥላል።

ኤልኢዲውን ከተበላሸ ሪሞት፣ ተቀባይዋን ዓይን ከሞተ የዲሽ ሪሲቨር መንቀል ይቻላል፤ የትኛውም የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ጥግ ላይ ተከምረዋል። ተቀባይዋን ከመንቀላችሁ በፊት ከሦስቱ እግሮች የትኛው ከግራውንድ፣ የትኛው ከ5 ቮልት እንደተያያዘ ቦርዱ ላይ አይታችሁ ጻፉ፤ የእግሮቹ ቅደም ተከተል ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የሚገዛው አርዱኢኖ ናኖ የሚባለው በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ቦርድ ነው፤ እዚያው ካላገኛችሁ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ አስመጡ።

ሽቦው እንዲህ ይያያዛል። የአርዱኢኖ ፒን ብቻውን ለኤልኢዲው የሚበቃ ኃይል ስለማይሰጥ ቱ ኤን 2222 የሚባለውን ትራንዚስተር መሃል አስገቡ። ከፒን 3 በ470 ኦም ሬዚስተር ወደ ቤዙ፣ ኤሚተሩ ወደ ግራውንድ፣ ኮሌክተሩ ወደ ኤልኢዲው አጭር እግር፤ ረጅሙ እግር ደግሞ በ33 ኦም ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት። በኤልኢዲው ውስጥ 100 ሚሊ አምፔር ገደማ ያልፋል። ኮፍያው ላይ ያለችው ተቀባይ በሽቦ ፒን 2 ላይ ትገባለች፤ አጠገቧ በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርጉ። ከፊት፣ ከኋላና ከጎን እንድትቀበል ከፈለጋችሁ ተመሳሳይ ዓይኖችን ኮፍያው ዙሪያ ሰፍታችሁ ተመሳሳይ እግሮቻቸውን አንድ ላይ እሰሩ። ለኃይል ፓወር ባንክ ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን የሚሳብበት ኃይል ትንሽ ሲሆን ራሱን ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

ኤልኢዲው መሥራቱን ለማወቅ ቃታውን እየሳባችሁ በስልክ ካሜራ እዩት፤ ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ብርሃን ይታያል። የኋላው ካሜራ ካላሳየ የፊቱን ሞክሩ። ኤልኢዲውን በሌዘር መተካት ግን ክልክል ነው፤ ሌዘር ዓይን ይጎዳል።

ፕሮግራሙን አይአር ሪሞት በሚባለው የአርዱኢኖ ላይብረሪ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ወገን ደግሞ የወገን ቁጥር ስጡ። ቃታው ሲሳብ ሁለቱም በአንድ ላይ ይላካሉ። ኮፍያው ቁጥር ሲደርሰው የራሱ ወገን ከሆነ ይተወዋል፤ የሌላው ከሆነ ባዘር የሚባለውን ድምፅ ማሰሚያ ያስጮሃል፣ ቀይ መብራት ያበራል፣ የተመታውን ሰው ቃታ ይቆልፋል። አንድ ምት ከተነበበ በኋላ ላይብረሪው ቀጣዩን እንዲቀበል ማዘዝ አትርሱ፤ አለዚያ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ደንቁሮ ይቀራል።

ጨዋታውን ዓድዋ ዓድዋ እንዲሸት የሚያደርገው እዚህ ላይ የምትጨምሩት ነገር ነው። አርበኞቻችን ከታጠቋቸው ጠመንጃዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ተኳሹ ከፍቶ፣ አጉርሶ፣ ዘግቶ ነው ደግሞ የሚተኩሰው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከአንድ ምት በኋላ ለ6 ሰከንድ ያህል ቃታውን ይዝጋ። እንዲያ ሲሆን ተማሪው ዝም ብሎ መርጨት ያቆማል፤ ጓደኛውን እየጠበቀ፣ ከለላ እየፈለገ፣ ተራ እየያዘ መጫወት ይጀምራል። እኔ ከመላው ሥራ የምወደው ይህን ነው፤ ያን ቀን የተዋጋው ሰው በሁለት ምት መካከል ምን ያህል ተጋልጦ እንደነበር ልጁ በራሱ ላይ ያየዋል።

ሜዳ ስትመርጡ የቀትር ፀሐይ ተቀባይዋን እንደሚያደናግራት አስቡ፤ ጠዋት ወይም አሥር ሰዓት ገደማ ይሻላል። ለእያንዳንዷ ዓይን ከጥቁር ካርቶን ትንሽ ጥላ ሥሩ። ከቆርቆሮ ግድግዳ ራቁ፤ ብርሃኑን እያንጸባረቀ ያልተነጣጠረበትን ያስመታል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጥር 23 በአዊ የፈረስ ቀን ነው፤ ትርኢታችሁም ፈረሰኛ ቢጨመርበት ያምራል። ያኔ ባዘሩን ከፕሮግራሙ አውጡትና መብራቱን ብቻ ተዉ፤ ድንገተኛ ጩኸት ያልለመደ ፈረስ ጋላቢውን ይጥላል። ዓይኖቹን ፈረሱ ላይ አትለጥፉ፣ ጋላቢው ኮፍያ ላይ ይሁኑ። ከልምምዱ በፊትም ባለቤቱ ፈረሱን ይዞ ሜዳው ላይ ያንሸራሽረው፤ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ፈረሱ ከተረበሸ በዚያ ቀን እግረኞቹ ብቻ ይጫወቱ።