ቀትር ላይ የሚያለከልኩ ዶሮዎች

ጥያቄ፦ ቆላ ድባ ውስጥ 60 የቦቫንስ ዶሮዎች አሉኝ። መጋቢት ከገባ ወዲህ እንቁላሉ ቀንሷል፤ የሚገኘውም ቅርፊቱ ስስ ነው፣ እጅ ላይ ይሰበራል። ቀትር ላይ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ ሌላ ምልክት ካላዩ እኔ ሙቀቱን ነው የምጠረጥረው። ዶሮ ጤነኛ ሆናም የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ላብ ደግሞ አታውቅም። ያላት መላ ክንፏን ከገላዋ ማራቅና ማለክለክ ነው። ጣጣው የሚመጣውም ከማለክለኩ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ከመጠን በላይ ይወጣል። የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ ከዚሁ ጋዝ የሚሠራው ካርቦኔት ሲያንስ ቅርፊቱ ይሳሳል። ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቷንም ስለሚዘጋ ካልሲየሙም አብሮ ይጎድላል።

መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ጣራዎን ይመልከቱ። ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ ሣር ወይም ገለባ ያልብሱት፤ የግድግዳውን የላይኛውን ግማሽ በወንፊት ሽቦ ለነፋስ ይክፈቱት። ውኃው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ቀትር ላይ ይለውጡት። መኖ ማለዳና አመሻሽ ላይ ይስጡ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከሰጡ ማታ ማታ ይሁን፤ ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነውና።

ፈንግልም እንቁላል ይቀንሳል፣ ቅርፊት ያሳሳል። አንገቷን የሚጠመዝዛት፣ አረንጓዴ ኩስ የምትጥል ወይም በድንገት የሞተች ካለች ሳይውሉ ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።