በሕግ የተቆለፈ በር
ከሰዶም ዳኞች የምንማረው



ሰዶም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 የተጻፈውን የዚያችን ሌሊት ዐመፅና ከሰማይ የወረደውን እሳት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን የከተማይቱን በደል ሲዘረዝር ትዕቢቷንና ጥጋቧን ይጠቅስና፣ ሁሉ ሞልቷት ሳለ ለድኻው እጇን አለመዘርጋቷን ያወሳል (ሕዝ. 16፥49)። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይኸው በደል ሕግ ለብሶ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት ትውፊት የተሰበሰበበት የባቢሎን ታልሙድ፣ ሳንሄድሪን በተባለው ክፍሉ፣ ስለ ሰዶም አያሌ ትረካዎችን ይዟል። እነዚህ ቅዱስ መጽሐፍ አይደሉም፤ የሚስሏትም ከተማ ሊቃውንቱ ለማስተማር በአሳባቸው የቀረጿት ናት። ሰዎቿ ምድራቸው ለም ስለ ነበረች መንገደኛ ከሀብታቸው እንዲካፈል አልወደዱም። ስለዚህ ልዩ ልዩ ሥርዓት አወጡ። ለእንግዳ የተዘጋጀ አንድ አልጋ ነበራቸው፤ ረጅሙን ሰው በልኩ ይቈርጡት፣ አጭሩን ይስቡት ነበር። ለለማኝ እያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበትን ዲናር ይሰጠዋል፤ ዳቦ የሚሰጠው ግን የለም። በረኀብ ሲሞትም እያንዳንዱ የራሱን ዲናር መልሶ ይወስዳል። ወንዙን በጀልባ የተሻገረ አራት ዙዝ፣ በእግሩ የተሻገረ ግን ስምንት ዙዝ እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር። አንድ ልብስ አጣቢ መጥቶ አራቱን ሲጠይቁት በእግሩ መሻገሩን ተናገረ፤ ወዲያው ስምንት ጠየቁት። እምቢ ቢል ደበደቡት። ወደ ዳኛ ቢሄድ ዳኛው ስምንቱን ዙዝ ከነዋግምት ዋጋው እንዲከፍል ፈረደበት፤ ደሙን አፍስሰውለታልና!

ይህ ተረት ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ሌላ የልብስ አጣቢ ታሪክ እናንሣ፤ ይህኛው በእውነት የተፈጸመ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ብዙ ቻይናውያን ወርቅና ሥራ ፍለጋ ወደ አሜሪካዋ ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ ገቡ። ከተማይቱም ስማቸውን ሳትጠራ እነርሱን የሚያስጨንቅ ደንብ ማውጣት ጀመረች። በ1870 እ.ኤ.አ. በአከራይ ቤት ለሚያድር ለእያንዳንዱ ሰው 500 ኪዩቢክ ጫማ አየር እንዲኖር ታዘዘ። ተጨናንቀው የሚኖሩት ድኾቹ ቻይናውያን ነበሩና በደንቡ የሚታሰሩት እነርሱ ሆኑ። መቀጫ አንከፍልም ብለው እስር ቤቱን ሲሞሉት፣ እስር ቤቱ ራሱ ያን ያህል አየር አልነበረውም። በ1876 የእስረኛ ሁሉ ፀጉር እንዲቈረጥ ተደነገገ፤ ለቻይናዊው ሹሩባውን ማጣት ታላቅ ውርደት ነበር። ይህን ደንብ በ1879 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የልብስ ማጠቢያ ቤቶቹ ነገር ነው። በ1880 በእንጨት ቤት ልብስ ማጠብ የሚፈልግ ሁሉ ከከተማው ምክር ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ ታዘዘ። ምክንያቱ ባዶ አልነበረም፤ በእንጨት በተሠራች ከተማ እሳት ያሠጋል። ነገር ግን ሁለት መቶ ያህል ቻይናውያን አመልክተው ሁሉም ተከለከሉ፤ ቻይናውያን ያልሆኑ ሰማንያ ያህል ሰዎች ግን በእንጨት ቤት ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1886 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይክ ዎ በሚባለው ክስ፣ ሕግ በጽሑፉ ሁሉን እኩል ቢያይም በአፈጻጸሙ ካዳላ ፍትሕን እንደሚያፈርስ በአንድ ድምፅ ፈረደ። ይህም ሆኖ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክለው የ1882 ሕግ እስከ 1943 ድረስ አልተሻረም።

እንግዲህ ሕግ ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በ1992 ባወጣችው ትምህርተ ክርስቶስ፣ ባለጸጋ አገሮች እንግዳውን እንደ ዐቅማቸው እንዲቀበሉ ስታሳስብ፣ መንግሥታት ስለ ጋራ ጥቅም የመግቢያ ሥርዓት ማውጣት እንደሚችሉም፣ እንግዳውም የተቀበለችውን አገር ሕግ ማክበር እንደሚገባው ታስተምራለች። ትክክለኛውን ሕግ ከሰዶም ሕግ ለመለየት ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ሦስት መመዘኛ ይሰጠናል፦ ግቡ የጋራ ጥቅም መሆኑ፣ ሕግ አውጪው ከሥልጣኑ አለማለፉ፣ ሸክሙም ለሁሉ በተመጣጠነ እኩልነት መከፈሉ። ሦስተኛው በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ግቡ መልካም ቢሆን እንኳ ሸክሙ በአንድ ወገን ብቻ የሚወድቅ ሕግ ፍትሕ የለውምና።

እኛ ከተማ አንገዛ ይሆናል፤ የማኅበርና የእድር ደንብ ግን እንጽፋለን። የነባሩን አባል መዋጮ ለማክበር ሲባል የሚቈረጠው የመግቢያ ገንዘብ፣ አዲስ መጥ የቀን ሠራተኛ ወይም ባልቴት ሊከፍለው የማይችል ከሆነ፣ የወንዙ ዳር ስምንት ዙዝ ከዚህ በምን ይለያል? በቃለ ጉባኤው ላይ «እገሌ አይግባ» የሚል አልተጻፈም፤ እገሌ ግን አልገባም። ሁላችን እጃችንን አውጥተን ስላጸደቅነው ማንም ብቻውን በደለኛ ሆኖ አይታየውም። የሰዶም ዲናር ሰጪም እጁን በለማኙ ላይ አላነሣም፤ ስሙን ጽፎ ሰጠ እንጂ።

አባቶቻችን ጉልበት የሌለው ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል ቆመው ይሰሙት ነበር። ሕግ የደካማው መጠጊያ መሆኑን ያውቁ ነበርና። ያን መጠጊያ የበር ቁልፍ ስናደርገው፣ እንግዳው የሚጮኽበትን ስም ነጠቅነው ማለት ነው። ጌታችንም በመጨረሻው ቀን ራሱን ከእንግዳው ጋር ይቈጥራል (ማቴ. 25፥31-46)፤ በዚያን ጊዜ ደንባችንን ማሳየት አይጠቅመንም።

ለጋራ ጥናት፦
1. በማኅበራችን ካለው ደንብ፣ በተግባር በአንድ ዓይነት ሰው ላይ ብቻ የሚከብድ አለን?
2. ደንቡ ሲጻፍ፣ ሸክሙ የሚወድቅበት ሰው በመካከላችን ተቀምጦ ነበርን?
3. ዓላማውን ሳንጥል ሸክሙን ለማቃለል ምን ማድረግ እንችላለን?