ከኮምጣጤና ከአልኮል የሚገኘው ውሑድ ክብደቱ ስንት ነው?

በኬሚስትሪ ትምህርት ብዙዎቻችንን ከሚያስቸግሩን ሒሳቦች አንዱ፥ ሁለት ነገሮች ተዋሕደው የሚያስገኙትን አዲስ ነገር የአንድ ሞል ክብደት ማግኘት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የሚከብደው ድምሩ አይደለም። ከገቡት አቶሞች የትኞቹ ቀሩ፥ የትኞቹስ ወጡ? የሚለው ጥያቄ ነው።

ሞል ማለት ለወላጆቻችን ለማስረዳት ያህል እንደ ደርዘን ያለ መቁጠሪያ ነው፤ ደርዘን 12 ሲሆን ሞል ግን 6 ተጽፎ 23 ዜሮ እንደሚከተለው ያህል ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠውን አሴቲክ አሲድንና በጠጅ፥ በአረቄም ውስጥ ያለውን ኤታኖልን ነው። ሁለቱ ከጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲሞቁ ኤቲል አሴቴት የተባለ፥ ሽታው ፍሬ ፍሬ የሚል ፈሳሽ ይገኛል። ካርቦን 12፥ ሃይድሮጅን 1፥ ኦክሲጅን 16 ብለን እንነሣ። አሴቲክ አሲድ 2 ካርቦን፥ 4 ሃይድሮጅንና 2 ኦክሲጅን ስላለው 24 + 4 + 32 = 60 ግራም ነው። ኤታኖል 2 ካርቦን፥ 6 ሃይድሮጅንና 1 ኦክሲጅን ስላለው 24 + 6 + 16 = 46 ግራም ነው። ድምሩ 106 ይሆናል።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። ነገር ግን ሁለቱ ሲጣመሩ አንድ ሞለኪዩል ውሃ ይጥላሉ፤ ስለዚህ 106 − 18 = 88 ግራም ነው። በአቶሞቹም ብንቈጥረው 4 ካርቦን፥ 8 ሃይድሮጅንና 2 ኦክሲጅን፥ 48 + 8 + 32፥ ያው 88 ይመጣል። ሰልፈሪክ አሲዱ በሒሳቡ አይገባም፤ አጋብቶ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሽማግሌ ነው።

የውሃው ኦክሲጅን የመጣው ከማን ነው? ከአሲዱ ወይስ ከአልኮሉ? ክብደቱ ያው ስለሆነ በሚዛን አይታወቅም። በ1938 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሮበርትስና ዩሬይ የተባሉ ሊቃውንት ክብደቱ 18 የሆነ ኦክሲጅን የበዛበት ሜታኖል ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋሐዱ። የወጣው ውሃ ተራ ውሃ ሆኖ ተገኘ፤ እንግዲህ ኦክሲጅኑን የሰጠው አሲዱ ነው። በእኛም ምሳሌ ኤታኖሉ ከባዱን ኦክሲጅን ቢይዝ ክብደቱ 48 ይሆናል፤ ውሑዱም 90 ይመዝናል፥ ውሃው ግን 18 እንደ ሆነ ይቀራል።

60 ግራም አሲድና 46 ግራም አልኮል ጨምሮ 88 ግራም ውሑድ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ወደ 59 ግራም ያህል ብቻ ሲያገኝ ሒሳቡ ተሳሳተ እንዳይል። ውሑዱና ውሃው መልሰው አሲድና አልኮል ስለሚሆኑ ሥራው ከሦስት እጅ ሁለቱ ላይ ሲደርስ ሚዛኑን ይጠብቃል። የአንዱ ሞል ክብደት ግን ያው 88 ነው።

ደግሞ 88 ያገኘ ሁሉ ኤቲል አሴቴት አገኘ ማለት አይደለም። የቈየ ቅቤን የሚያሸተው ቡቲሪክ አሲድም 4 ካርቦን፥ 8 ሃይድሮጅንና 2 ኦክሲጅን ስላለው ክብደቱ ልክ 88 ነው። እነዚህን ለመለየት አፍንጫ ካልበቃ ቴርሞሜትር ማስገባት ነው፤ ኤቲል አሴቴት በ77 ዲግሪ ሲፈላ ቡቲሪክ አሲድ እስከ 164 ገደማ ይቈያል።